በሻይ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

የያዙኝ ደረጃ ሳጥብ ነው። ቤይሩት ዳር፣ ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር፣ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገና አሁን ያጠብኩትን ደረጃ በጫማቸው እያበላሹ ወጡ። ልናገራቸው አፌን ስከፍት አንደኛው ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። ስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ከኋላዬ የተዘጋ አውራ ጎዳና፣ የሚጨስ ጎማ፣ ባንዲራ ትከሻቸው ላይ ያጣፉ ልጆች ይታያሉ። ጋዜጠኛዋ ማይክ አስጠግታልኝ በዚያ በሰባራ አረብኛዬ እንዲህ እላለሁ፦ «እኛም እዚህ አገር ነው የምንኖረው። ፓስፖርታችን ግን የሚኖረው የማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው።» ልጆቹ ያጨበጭቡልኛል።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ሰከንድ አልፈጀብኝም።

የጠቆመችብኝ ፋናር ሰፈር ያለችው የድሮ ማዳሜ ናት፤ ቴሌቪዥን ላይ አይታኝ። ከቤቷ ከጠፋሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም። ሰዎቹ ግን ስለ ፈቃዱ የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ስለ መንገዱ አሥር ጊዜ። ማን ጠራሽ? ማን ከፈለሽ? ምን በይ አሉሽ? ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፣ መንገዱ ተዘግቶ አገኘሁት፣ ጩኸቱ ደስ አለኝ፣ ጮህኩ። ይህን ሊያምኑኝ አልቻሉም። የካቲት ነበር፣ ሁለት ሺህ ሃያ በነሱ አቆጣጠር።

ያስገቡኝ ክፍል ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሽታው የክሎርና ያልደረቀ ብርድ ልብስ። ስድስት ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም የአገር ልጆች። ጠዋት ዳቦና ላብኔ የሚሉት ወፍራም እርጎ፣ ከሰዓት ሻይ፤ ሻዩን የምናፈላው ራሳችን ነን፣ ጠባቂዋ ኮሪደሩ ላይ ባስቀመጠችልን ማሞቂያ። ሌላ ሥራ የለም። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልችልም። በሁለተኛው ቀን ወለሉን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ እንጂ። ደረጃ ላይ የያዙሽ ሳይበቃሽ» አለችኝ የወሎዋ።

ከሁላችንም ትልቋ እሷ ነበረች። እትዬ ነው የምንላት። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት አገልግላ፣ አሮጊቷ ማዳሟ ስትሞት ልጆቹ ቤቱን ሸጠው እሷን ከነሻንጣዋ በር ላይ ትተዋት ሄዱ። ወረቀቷ ተቃጥሎ ተያዘች። ያ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ የትኬት ወረፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ እኔ በገባሁ ሰሞን ወረፋዋ ደረሰ። ሐሙስ ትበራለች። እናቷ ዓይናቸው ጠፍቷል። በስልክ «ድምፅሽን ጠግቤዋለሁ፣ እጅሽን አምጪልኝ» ይሏታል። እትዬ ይህን ስትነግረን እጇን እያየች ነው፣ በክሎር የተላጠውን። ፌስታሏን ከሰኞ ጀምራ አስራ ትራስ አድርጋዋለች።

ግምገማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አስረኛ ክፍል ሳለሁ የአንድ ለአምስት መሪ ነበርኩ። አምስት ልጆች ሰብስቤ በየሳምንቱ እገመግም ነበር፤ ማን ጠንካራ፣ ማን ደካማ፣ ማን የቤት ሥራ አልሠራም፣ ማን አረፈደ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል፣ ለክፍል ኃላፊው ይሰጣል። የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። እንኳን ስድስት ሰው፣ ሦስትም ሰው አንድ ቦታ ከተቀመጠ አጀንዳ ያስፈልገዋል ብዬ ነው የማምነው። እና ሰኞ ከሰዓት፣ ሻይ እየጠጣን፣ «ለምን ሁለቱን መሪዎች አንገመግማቸውም?» አልኩ። የፊተኛውን ወታደሩንና የኋለኛውን፣ ከጫካ የመጣውን። ስማቸውን አልጠራም፣ የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

«እነሱን ምን ልታደርጊያቸው?» አለች እትዬ። «አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ሞተ። የቀረነው እኛ ነን።»

«ለዚህ ነዋ። ገምግመናቸው አይመልሱልንም።»

ጴንጤዋ ሳቀች። ከእኔ አንድ ዓመት የምታንስ፣ ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ ኪራይ አዳራሽ ውስጥ ከሚሰበሰቡት ጋር ስትዘምር ቆይታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው የያዟት። «ግምገማ ከሆነ ሻዩ ይጨመርልን» አለች።

ሰብሳቢ ትልቅ ሰው ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ እትዬ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። የሻዩን ካርቶን ዘርግቼ ውስጡን ገለበጥኩት። እስክሪብቶ ማስገባት አይፈቀድልንም፤ ጴንጤዋ ግን ጡት መያዣዋ ውስጥ የኩል እርሳስ ነበራት። ቀን ጻፍኩ። የሰብሳቢ ስም ጻፍኩ፣ ከነአባቷ። የተገኙ አባላትን ስም ጻፍኩ። ጸሐፊ በሚለው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ተውኩት፤ ጸሐፊ የሚፈርመው በመጨረሻ ነው። አጀንዳ፦ የሁለቱ መሪዎች ጠንካራና ደካማ ጎን። እስር ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ስም እየዘረዘርኩ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። የለመድኩት ነው። ቃለ ጉባኤ ያለ ስም አይጻፍም።

የፊተኛውን ጀመርኩት እኔ። አጎቴን ገበያ መሐል በአፈሳ ወስደውታል። ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነው፣ አልተመለሰም። እናቴ ስሙን ስትጠራ እስከ ዛሬ ወደ በሩ ታያለች። «ጠንካራ ጎን የለውም፣ ደካማ ጎኑን ብቻ ልጻፍ» አልኩ።

«ቆይ እንጂ» አለች እትዬ። «አጎትሽን አላህ ይማረው። የኔም ሁለት ያጎቴ ልጆች በዚያው ቀርተዋል። ግን ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። የዘመቻ ልጆች መጥተው መስጊዱ አጠገብ ዋርካው ሥር ሰሌዳ ሰቀሉ። አባቴ ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው ብሎ እምቢ አለ። ካልላክሃት ትቀጣለህ አሉት። ወላሂ በግድ ነው የተማርኩት።» ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። «ከዚያ ድርቁ መጣ። እኛ ስንረግፍ እነሱ ከተማ ድግስ ላይ ነበሩ። ታናሼን ያን ጊዜ ቀበርናት። ሁለቱንም ጻፊ። አንዱን ጽፈሽ አንዱን እንዳትተዪ።»

ሁለቱንም ጻፍኩ።

ወደ ኋለኛው ስንመጣ አልቆም አልኩ። መንገዱ፣ ጤና ኬላው፣ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፤ በፊት ሁለት ሰዓት በእግር ይኬድ ነበር፣ ለእኔ ሃያ ደቂቃ ሆነልኝ። የሞተ ጊዜ ከክረምት እረፍታችን ትምህርት ቤት ጠርተው፣ በሰልፍ አስወጥተው አልቅሱ አሉን። እኔ ግን የምሬን ነው ያለቀስኩት። ይህን ስናገር አሁንም አላፍርም።

«ወንድሜ በሱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተይዞ አራት ዓመት ታስሯል» አለች ጴንጤዋ። «ሲፈታ ጥፍር አልነበረውም። ያኒ፣ ማለቴ፣ እሱንም ጻፊው።»

ጻፍኩት። ግን በትንንሽ ፊደል ጻፍኩት። የኋለኛውን ጥፋት ሁሉ አሳንሼ ካርቶኑ ጥግ ላይ አጨናንቄ ነው የጻፍኩት። እትዬ አጠገቤ ነበረች፣ አይታዋለች።

«ምነው ቦታ ጠበበሽ?» አለችኝ። «እኔ ቤይሩት የመጣሁት በማን ዘመን ነው? በዚያ በሠራልሽ መንገድ አይደል አውቶቡስ ተሳፍሬ ኤርፖርት የሄድኩት?»

«በፊተኛው ዘመን ቢሆንማ ፓስፖርትም አያገኙም ነበር!»

«አዎ። የፊተኛው በሩን ዘጋው፣ የኋለኛው ከፈተው። ሁለቱም ግን ቤት ውስጥ የምንበላውን አላስቀመጡልንም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ጴንጤዋ እጇን አንሥታ እንደ ሰልፈኞቹ «ኪለን ያኒ ኪለን» አለች፤ ሁሉም ማለት ሁሉም ማለት ነው፣ ጎዳናው ላይ ስለ ራሳቸው መሪዎች የሚጮሁት። ሳቁ ባሰ። እኔ መሸነፍ አልወድም። ደሜ ፈላ።

«እርስዎ ደግሞ ፊደል ቆጥሬያለሁ እያሉ ነው እንዴ የሚከራከሩኝ?» አልኳት። «ያ መማር ነው? ያ ለፊርማ ነው።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ «የኩሉን እርሳስ አምጪው» አለችኝ። ሌሎቹ ጭረት ጭረት አድርገው ፈርመው ነበር። እሷ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በሙሉ ፊደል ጻፈች። ትልልቅ ፊደል፣ አንዱ ከአንዱ ራቅ ራቅ ያለ፣ ልጅ ለመምህሩ እንደሚጽፈው። ጨርሳ እርሳሱን መለሰችልኝ። ጠባቂዋ ዳቦ ይዛ ስለመጣች ካርቶኑን አጥፌ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ሳልፈርም ቀረሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ፈተሹን። በዚያ ሰሞን በሌላ ክፍል ያሉ ሴቶች ምግብ አንበላም ብለው ነበርና ሁሉም ክፍል ይፈተሽ ነበር። ካርቶኑን አገኙት። የማያውቁት ፊደል፣ ቁጥር፣ የስም ዝርዝር፣ ፊርማ። ጠባቂዋ ቦንብ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቷ ይዛው ወጣች።

ከሰዓት መኮንኑ መጣ። ከሱ ጋር አስተርጓሚ ነበረች፣ የኛው አገር ሰው፣ እዚያ ያገባች፣ ሽቶ የሸተተች ሴት። ክፍላችንን ከፍተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሁሉን እንሰማለን፣ ሁሉን እናያለን። መኮንኑ ወጣት ነው፣ ያልተቆጣ። «አንብቢልኝ» አላት።

አነበበችለት። የፊተኛው ማንበብ አስተማረ፣ ሰው አስጨረሰ። የኋለኛው መንገድ ሠራ፣ ሰው አሰረ። በአረብኛ ስትለው እንዴት አጭር እንደሆነ ገረመኝ። መኮንኑ መጀመሪያ ሳቀ።

«ያኒ እዚህ ተቀምጠው ፕሬዚዳንት ያወዳድራሉ?» ከዚያ ካርቶኑን ተቀበላት። «ይህ ምንድነው?»

«ሰብሳቢ ይላል።»

«ይሄስ?»

«የተገኙ አባላት።»

መሳቁን ተወ። «ሰብሳቢ ያለው፣ አባላት ያሉት፣ ፊርማ ያለበት። መሪዎቹ ሰበብ ናቸው። ምግብ ለማቆም ነው የተሰበሰባችሁት። ማነው የጻፈው?»

ጣቴን አየሁት። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ኩል ጠጥተው ጠቁረዋል፣ በሳሙናም አልለቀቀም። እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩት። በልቤ አፌን እየከፈትኩ ነበር፤ እንዲያ ነው ለራሴ የምነግረው። ሁለት ቃል ናት። ደረጃ ላይ ሳላመነታ ብያት የነበረች፣ «እኔ ነኝ»። ግን እኔ የመንገዱ ነገር ነበረብኝ፣ ይህ ከተጨመረ ትልቁ እስር ቤት ይልኩኛል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ። ያን ያህል ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

መኮንኑ አያት። «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

እስክሪብቶ ሰጣት። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስሟን ጻፈች። እንደ ሰኞው ጻፈችው፣ ሳትቸኩል። የኔ ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ ያዘነበለ፣ የተያያዘ። ፊደል የቆጠረ ሕፃን እንኳ ቢያየው የሁለት ሰው እጅ መሆኑን ይናገራል። አስተርጓሚዋ ካርቶኑን ቀረብ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ብብቴ ሥር የከተትኩትን እጄን።

«አንድ ነው» አለችው። «የሷ ጽሑፍ ነው።»

ለምን እንደዋሸች አላውቅም። ለእኔ ብላ ይሁን፣ ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ ይሁን። አመስግኛት አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ጠባቂዋ የሐሙስን ተጓዦች ስም አነበበች። የእትዬ ስም የለም። እትዬ ስሟ የተዘለለ መስሏት «አንዴ ድገሚው፣ ሲልቩፕሌ» አለቻት፤ አሮጊቷ ማዳሟ ያስተማረቻት ጨዋ ቃል ነው። ጠባቂዋ ደገመችው። የለም። «ጉዳይሽ ይታያል» አለቻት። «ቡክራ፣ ከቡክራ በኋላ።» ነገ፣ ከነገ ወዲያ ማለቷ ነው።

በሩ ተዘጋ። እትዬ ፌስታሏን ፈታች። አንድ ቀሚስ፣ መስገጃዋን፣ ለእናቷ የገዛችውን የእጅ ቅባት አውጥታ መስኮቷ ሥር ደረደረች። ማንም ማንንም አላየም። እኔ ወለሉን ላጥብ ብዬ ባልዲውን ሳነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። ንጹሕ ነው። ግምገማው አላለቀም።»

«ካርቶኑን ወስደውታል እኮ፣ እትዬ።»

«ያለ ካርቶን ነው። ሰብሳቢዋ እኔ አይደለሁ? በኛ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። በናንተም ሳይኖር አይቀርም። የሁለቱን ሰማን። አሁን ያንቺን ንገሪን።»

አልተቆጣችም። ቢያሻት ትሰድበኝ ነበር፣ ቢያሻት ታለቅስ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ሁሉም ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። አምስት ልጆች ሳስለቅስ የኖርኩ ልጅ ነኝ፣ ደካማ ጎንህን ተናገር እያልኩ። የራሴ ተራ ሲደርስ «አንዳንዴ እቸኩላለሁ» ብዬ ነበር የማልፈው።

«ፈሪ ነኝ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። የኋለኛውን ጥፋትም አሳንሼ ነው የጻፍኩት። ስለ ፊደልዎም የተናገርኩት ሆን ብዬ ነው፣ እንዲያምዎት።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። «ጠንካራ ጎንሽስ?»

የለኝም ልል ነበር። ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ። ጠባቂዋ ስትመጣ ጥቁር ጣቶቼን በበሩ ፍርግርግ አወጣኋቸው። «ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለመኮንኑ ንገሪው። እሷን ልቀቋት፣ ስሟን መልሱት።»

ጣቶቼን አየች። ፊቴን አየች። «መኮንኑ ሄዷል» አለች። «ኸላስ፣ ያ ነገር ተዘግቷል። ተቀመጪ።»

ሐሙስ ጠዋትም ነገርኳት፣ ዓርብም። ኋላ ስታየኝ በሩን ሳትከፍት መሄድ ጀመረች።

ከዚያ የኮሮና በሽታ መጣ። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ኤርፖርቱ ተዘጋ። ክፍሎቹ ተጨናንቀዋል ተብሎ አንዳንዶቻችንን መልቀቅ ጀመሩ። የመንገዱን ጉዳይ ማንም አላስታወሰውም፤ መንገዱም ባዶ ነበር። ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ ጉዳይዋ «እየታየ» ስለነበር ቀረች። ስወጣ መስገጃዋ ላይ ነበረች፤ እስክትጨርስ እንድጠብቅ አልፈቀዱልኝም። አገሯ የገባችው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። እናቷ ሐምሌ ላይ ተቀብረዋል።

አሁን ኦዛይ የሚባል የቤይሩት ሰፈር ነው የምኖረው፣ ከአራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን። እሑድ እሑድ ልጆቹ ስለ አገር ያወራሉ፤ የፊተኛው ይሻል ነበር፣ የለም የኋለኛው። ጮክ ብለው ይከራከራሉ፣ እንደ እኔው አንዱን አግዝፈው አንዱን ጥግ ላይ አጨናንቀው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂን» ይሉኛል። ተነሥቼ ሳህን አጥባለሁ። ሁለቱ መሪዎች ትተውልኝ የሄዱትን ማወዳደር እችል ይሆናል። የፊተኛው በግድ ፊደል ያስቆጠራት ሴት በዚያች ፊደል እኔን አዳነች። የኋለኛው ትምህርት ቤት ያስተማረኝ እኔ አፌን ያዝኩ። ግን ይህንም መሪዎቹ አላደረጉትም። ያደረግነው እሷና እኔ ነን።

ለእትዬ አንዴ ደውዬላታለሁ። ስለ እናቷ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፣ እንዳወቀችብኝ። ከዚያ «ፌስታልሽን አስረሻል?» ብላ ሳቀች።

አላሰርኩም። መቼ እንደምመለስ አላውቅም።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንም ስም የለም። አንድ ጊዜ ስም ዘርዝሬ ያየሁት ይበቃኛል። ጸሐፊ በሚለው ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ግን አሁንም ባዶ ነው፣ ካርቶኑ የትም ቆሻሻ ውስጥ ይሁን። አንድ ቀን መኮንኑም፣ ሌላም ሰው፣ ይህን ማነው የጻፈው ብሎ ከጠየቀ፦

እኔ ነኝ።